የእናቴ ስልክ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ስማርት ስልክ ለእናቴ ካዘጋጀሁላት ስምንት ወር ሆነው። እሷ 74 ዓመቷ ነው። ስልኩ አንድሮይድ ሲሆን «ኢዚ ሞድ» የሚባል ቀለል ያለ አሠራር አለው። የመጀመሪያ ቀን እሱን አበራሁት፣ ፊደሉን እስከ መጨረሻው አጎላሁት፣ በቃ ጨረስኩ አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ መደወያው ከስክሪኑ ጠፋ። «ልጄ፣ ስልኩን አበላሸሁት መሰለኝ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አንጀቴን በላችኝ። ምንም አላበላሸችም።

አጠገቧ ተቀመጥኩና «እስቲ እማዬ፣ ደውዪልኝ» አልኳት። ጣቷን ብቻ አየሁ። ምልክቱ ላይ አሳርፋ፣ የበር ደወል እንደሚጫን ሰው ረገጥ አድርጋ ያዘችው። እኛ ነካ አድርገን ነው የምንለቀው። እሷ እስኪሰማላት ትጠብቃለች። ስልኩ ደግሞ ይህን «ምልክቱን አንስቼ ላዛውር» ብሎ ይረዳዋል። ጣቷ ትንሽ ከተንሸራተተ መደወያው አብሮ ይሄዳል።

ለካ ችግሩ ዓይኗ ላይ ሳይሆን ጣቷ ላይ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ጋ (ስልኩን ለማየት፣ ለመስማትና ለመንካት ለሚቸገር ሰው የሚያመቻቹት ቦታ ነው) ገብቼ፣ ተጭኖ የመያዣውን ጊዜ ረጅም ወደሚለው ቀየርኩት። ምልክቶቹ ከቦታቸው እንዳይነሱ የሆም ስክሪኑን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ገጽ፣ አቀማመጥ ቆለፍኩት። ስክሪኑን በማንሸራተት ፋንታ ከታች ሦስቱን ቁልፎች መለስኩላት፤ የትም ብትገባ መሃለኛውን ስትጫን ወደ መጀመሪያው ገጽ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ምልክት ጠፍቶ አያውቅም። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አድርግ ብትሉኝ የመያዣውን ጊዜ ማስረዘሙን ነው የምመርጠው።

ፊደሉን እስከ ጥግ ማጉላቴ ስህተት ነበር። ቃላት ይቆራረጣሉ፣ «እሺ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ይደበቃል። ሁለት ደረጃ ቀንሼ ደመቅ ያለ ፊደል ሳደርግላት የተሻለ አነበበች። የጣት አሻራውን ተውነው። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይደርቃል፣ የአሻራው መስመርም ይሳሳል፤ ስልኩ አሥር ጊዜ «እንደገና ሞክር» ሲላት ማየት አልቻልኩም። አሁን በአራት ቁጥር ትከፍታለች።

ጥሪ ማንሳቱም አስቸግሮን ነበር። አረንጓዴውን ምልክት መጎተት ያስፈልጋል እንጂ መንካት አይበቃም። ደግነቱ ይሄኛው ስልክ በድምጽ መጨመሪያው ቁልፍ ጥሪ ማንሳት ያስችላል። የሚጨበጥ ቁልፍ ስለሆነ ወዲያው ለመደችው። የጥሪውን ድምፅም ወፈር ወዳለው ቀየርኩት፤ በዕድሜ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የመስማት አቅም ነውና።

አይፎን ላላቸው፣ በ2023 ከአይኦኤስ 17 ጋር «አሲስቲቭ አክሰስ» የሚባል ነገር መጥቷል፤ ጥቂት አፖችን ብቻ በትልልቅ ቁልፍ ያሳያል። እኔ አልተጠቀምኩበትም።

አሁንም የሚያሳስበኝ አፕዴት ነው። ባለፈው ከትልቅ አፕዴት በኋላ የምልክቶቹ መልክ ተለወጠና መደወያውን አላወቀችውም። ሦስት ቀን ሙሉ አልደወለችልኝም፣ እኔም ሥራ በዝቶብኝ አላስተዋልኩም። አሁን አፕዴቱን በራሱ እንዳይጭን ዘግቼዋለሁ። የደኅንነት ማስተካከያ ስለሚመጣበት ጨርሶ መተው አይቻልም። ስለዚህ እሷ ዘንድ ስሄድ እጭነዋለሁ፤ ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን መደወያውን፣ ፎቶውን፣ የኔን ስም አንድ በአንድ እንነካለን።