ስምንት ወር ከውድድር ማረሻዬ ጋር

ይህን ባለ ሁለት ማረሻ የትራክተር እቃ ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነኝ። ለማሳ ሥራ አይደለም፤ ዳኞች የትልሙን አወጣጥ አይተው ነጥብ ለሚሰጡበት የእርሻ ውድድር ብቻ ነው የያዝኩት። አራት ውድድር አብረን ገብተናል።

የማልወደውን ላስቀድም። የኋለኛውን ማረሻ ጥልቀት የሚያስተካክለው ብሎን በንዝረት ይላላል። ይህን ያወቅኩት በሁለተኛው ውድድር ፈር ስቀድ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ትልም ስከፍት ነው። ፈር መቅደድ ለወሬ ቀላል ነው። በአውሮፓውያኑ 1953 ካናዳ ላይ በተጀመረው የዓለም የእርሻ ሻምፒዮና ለዚህች መክፈቻ ብቻ 20 ደቂቃ ይሰጣል። አፈሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል መውጣት አለበት፤ መሃል ላይ ሳይቆረጥ የሚቀር መሬት መኖር የለበትም። የእኔ አንዱ ጎን እንደ ግንብ ቆሞ፣ ሌላው ተኝቶ ቀረ። ዳኛው ትልሙ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። ከ10 አራት ሰጠኝ። በእጅ ወይ በእግር አፈር ማስተካከል ደግሞ ያስቀጣል፤ ቆሞ ማየት ነው። ከዚያ ወዲህ ዳዶ ደርቤበታለሁ፣ አልላላም።

አሁን ወደ ጥሩው። ከዋናው ማረሻ ፊት ያለችው ትንሿ ምላጭ ወርቅ ናት። ገለባ ያለበትን የአፈሩን ጠርዝ ልጣ ትልሙ ሥር ትጥለዋለች፤ የሚገለበጠው አፈር ይከድነዋል። አንድ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ካለ ዳኛ አያልፈውምና፣ ብዙ ነጥብ ያዳነችልኝ እሷ ናት። ዋናው መገልበጫ ብረትም ረጅም ስለሆነ አፈሩን ሳይሰባብር ቀስ አድርጎ ያስተኛዋል። ግን እንደ መስታወት ካላበራ አፈር ይጣበቅበታል። አንዴ ሳልቀባው አድሮ ዝጎ፣ ግማሽ ቀን በአሸዋ ወረቀት ስፈትግ ዋልኩ። አሁን ከእርሻ ሳልወርድ ግራሶ እቀባዋለሁ።

ቀጥ ማለትን ግን ከማረሻ አትጠብቁ። እሱ የዓይን ሥራ ነው። ከፊት ለማነጣጠሪያ የተተከለውን ችካል ትታችሁ ጎማውን ካያችሁ ፈር ለቀቃችሁ ማለት ነው።

መዝጊያው ላይ፣ ማለትም ማሳው ታርሶ ሲያልቅ፣ የጥልቀት ጎማው እጀታ ይመቻል። የመጨረሻው ትልም ጠባብና ጥልቀት የሌለው እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ ሁለት ሦስት ዙር ሲቀረኝ የቀረውን መሬት በሁለቱም ጫፍ እለካለሁ። አንዱ ጫፍ ከሰፋ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እቀንሳለሁ፤ በአንዴ ማቃናት ወዲያው ይታወቅባችኋል።

ቀለሙ ተልጧል፣ ግድ የለኝም። ከማረሻው ፊት አፈሩን የሚቆርጠው ዲስክ ኩሽኔታ ግን ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ሲጢጥ እያለ ነው። ከቀጣዩ ልምምድ በፊት እቀይረዋለሁ።