ለቫኪዩም የበር መቆለፊያ የቱ ይሻላል፦ አዲስ ዲያፍራም፣ ያገለገለ ወይስ የኤሌክትሪክ ሞተር?

እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበችው መርሴዲስ ደብሊው 123፣ በሮቹን በአንዴ የሚቆልፍ ማዕከላዊ መቆለፊያ ካላት፣ የምትቆልፈው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በቫኪዩም፣ ማለትም አየር በመሳብ በሚፈጠር ኃይል ነው። የሹፌሩ በር ሲቆለፍ እዚያው ያለው ማከፋፈያ መስመር ይቀይራል፤ ከሞተሩ የሚመጣው ቫኪዩም በቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ የቀሩትን በሮች፣ የዕቃ መጫኛውንና የነዳጅ መሙያውን ክዳን በአንዴ ይቆልፋል። በየቦታው የመቆለፊያውን ዘንግ የሚያንቀሳቅሰው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ስስ የላስቲክ ዲያፍራም ነው። ላስቲኩ በእድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አየር ያስገባል። አንዱ ሲቀደድ መስመሩ የጋራ ስለሆነ ደህናዎቹም አብረው ይደክማሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ መገዛት ያለበት ጌጅ ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ነው። ቱቦ ነቅሎ በአፍ መሳብም ይቻላል፤ ትልቅ ቀዳዳ ያሳውቃል፣ ቀስ ብሎ የሚያስገባውን ግን አያሳይም። ፓምፑን ከአንድ በር መስመር ጋር አገናኙ፣ ግማሽ ባር ያህል ሳቡ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ወደ ዜሮ ከተመለሰ ችግሩ እዚያ በር ውስጥ ነው። የበሩን የውስጥ ልባስ ፈትታችሁ ዲያፍራሙን ለብቻው ሳትሞክሩ ግን ምንም አትዘዙ። ጥፋተኛው ቱቦ ከቱቦ የሚያገናኘው ትንሽ ላስቲክ፣ ወይም በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በማጠፊያው በኩል የተሰበረ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከዲያፍራም እጅግ ይረክሳሉ።

ዲያፍራሙ ራሱ ከሆነ እኔ አዲስ ግዙ እላለሁ። በነበረበት ቦታ፣ በነበሩት ብሎኖች ይገባል፤ መኪናው ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም። ስትገዙ የፊትና የኋላ፣ የግራና የቀኝ በር ሊለያይ ስለሚችል የአሮጌውን ቁጥር አንብባችሁ እዘዙ።

ያገለገለው በዋጋ ይስባል፤ ነገር ግን ላስቲኩ ከእናንተው ጋር እኩል ያረጀ ነው። አንድ ጊዜ ሳልፈትሽ ገዝቼ ገጥሜ፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያንኑ ልባስ ደግሜ ፈትቻለሁ። ከገዛችሁ በፓምፑ ሞክሩት፤ ሁለት መስመር ካለው ሁለቱንም ጎን። የማያስሞክር ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት። የተቀደደውን በማጣበቂያ መጠገን ደግሞ አልመክርም። ዲያፍራም በሩ በተቆለፈና በተከፈተ ቁጥር የሚታጠፍ ነገር ነው፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ ጎኑ ይቀደዳል።

ለሁሉም መኪና ተብሎ የሚሸጠው የ12 ቮልት ሞተር ስብስብ አራት ሞተሮች ይዞ ይመጣል። ባለ 5 ሽቦው ማብሪያ ስላለው ለሹፌሩ በር ነው፤ ባለ 2 ሽቦዎቹ ተከታዮች ናቸው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፦ አየር ከሚያስገባ የቫኪዩም መስመር ያሳርፋል፣ የርቀት መቆጣጠሪያም ይቀበላል። ግን ሳጥኑ ላይ የማይጻፈውን አስቡበት። አራቱ ሞተሮች ለአራት በር ናቸው፤ የዕቃ መጫኛውና የነዳጅ ክዳኑ ከበሮቹ ጋር አብረው አይቆለፉም፣ ወይም ሌላ ሁለት ሞተር ትጨምራላችሁ። ማሰሪያውን በየበሩ ራሳችሁ ትሠራላችሁ፣ ሽቦውን በማጠፊያው በኩል ታሳልፋላችሁ፣ ፊውዝ ታስገባላችሁ። ብዙ ዲያፍራም አንድ ላይ ላለቀበትና ቱቦዎቹም ለተሰባበሩበት መኪና ብቻ ያዋጣል።

በናፍጣ ለሚሄደው ደብሊው 123 አንድ ነገር ይጨመራል። ሞተሩን የሚያጠፋውም ያው ቫኪዩም ነው። የበሮቹ መስመር አየር ሲያስገባ ቁልፉን አዙራችሁ እንኳ ሞተሩ አልጠፋም ሊል ይችላል። ወደ ኤሌክትሪክ ከቀየራችሁ የበሮቹን መስመር ከመነሻው በደንብ ድፈኑ፤ ክፍት ከተተወ ችግሩ ይብሳል።

ከደብሊው 123 በኋላ የመጣችው መርሴዲስ ደብሊው 124 ያላችሁ ደግሞ ቫኪዩሙ ከሞተሩ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ስር ካለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይመጣል። በሮቹ ሲደክሙ ብዙ ሰው ፓምፑን ይቀይራል። ፓምፑ ቆልፉ ከተባለ በኋላ ሳያቆም ረጅም ጊዜ የሚጮህ ከሆነ ግን ራሱ እየሠራ ነው፤ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ ማለት ነው። ያንን ሳትዘጉ አዲስ ፓምፕ ብትገዙ እሱም እንደ አሮጌው ረጅም ጊዜ ይጮሃል።