በረዶ ለብሼ የከረምኩበት ሰደርያ

ይህን ሰውነት የሚያቀዘቅዝ ሰደርያ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አራተኛዋን እያቅማማሁ ነው የሰጠሁት።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። ኤም ኤስ አለብኝ፣ ሙሉ ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ። ከበሽታ ሊጠብቀኝ የሚገባው የራሴ መከላከያ ተሳስቶ የአንጎልና የአከርካሪ ነርቮቼን ሽፋን ጠላት አድርጎ ይዞታል። ሽፋኑ ማይሊን ይባላል። ቦታው ይቆጣል፣ ሽፋኑ ይላጣል፣ ከዚያ መልእክቱ ይዘገያል ወይ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔን የጀመረኝ በግራ ዓይኔ ነው። ዓይኔን ሳዟዙር ያመኛል፣ ቀይ ነገር ደግሞ ታጥቦ የለቀቀ ይመስለኛል። ስቴሮይድ በደም ሥር ተሰጠኝና ተመለሰልኝ። አሁን በየ6 ወሩ ኦክሬሊዙማብ የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ኤምአርአይ ላይም አዲስ ነገር የለም፣ ተመስገን።

የሙቀቱ ጣጣ ግን ሌላ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ሐምሌ ላይ ከመኪና ወርጄ ሱቁ በር እስክደርስ ዓይኔ ይጋረዳል፣ ጉልበቴ ቄጤማ ይሆናል። የመጀመሪያ ቀን በሽታው ተነሳብኝ ብዬ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ኤሲው እየነፈሰብኝ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኔ ተመለሰ፣ እንባዬ ከንቱ ቀረ። ለካ ይሄም ስም አለው። ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በፈረንጆቹ 1890 ጽፎታል። እሱ ያስተዋለው ሕመምተኞቹ ሰውነታቸውን ሲያደክሙ ዓይናቸው እንደሚደክም ነበር፣ ጥፋቱ የሙቀቱ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። የተላጠ ነርቭ ሲሞቅ መልእክት ማሳለፍ ያቅተዋል፣ የሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ከፍ ማለቱ ብቻ ሊበቃው ይችላል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደነበረበት ይመለሳል፣ አዲስ ጉዳት አያመጣም። ኤምአርአይ ከመምጣቱ በፊት እንዲያውም ሐኪሞች ሰውን ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ እየነከሩ ነበር በሽታውን የሚፈትሹት። እንኳን ያኔ አልታመምኩ።

እማዬ በስልክ ስነግራት አንዴም አላመነታችም፤ "ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽተሽ ጠጪበት።" ፀሐይ መታኝ ካልኩ ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

ወደ ሰደርያው ልምጣ። በመጀመሪያ ርካሹን ገዛሁ፣ ውሃ ውስጥ ነክረው የሚለብሱትን። ውሃው ሲተን ነው የሚያቀዘቅዘው። ደረቅ አገር ላለ ሰው ይሠራ ይሆናል። ዲሲ ዙሪያ ግን አየሩ ራሱ ውሃ ነው፣ ወዴት ይትነን? እርጥብ ሸሚዝ ለብሼ የሰው ወንበር ሳረጥብ ዋልኩ። ቀጥሎ በረዶ የሚታሸግበትን ሞከርኩ። ያቀዘቅዛል፣ ሲበዛም ያቃጥላል፣ ደግሞ ፍሪዘር ይፈልጋል። የኔ ፍሪዘር በበርበሬና በቅቤ የተሞላ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን የገባሁት ንጥር ቅቤ እየሸተትኩ ነው።

ሦስተኛው ነው አሁን ያለኝ። አራት ኪስ አለው፣ በየኪሱ 14 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ነገር ያለበት እሽግ ይገባል። እንደ በረዶ ቆዳ አይቆነጥጥም። በረዶ ያለበት ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከነከራችሁት ይረጋል፣ ፍሪዘር ባይኖርም ይሆናል። እኔ ዘንድ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ፀሐይ ላይ ከቆምኩ ከዚያም ያንሳል። አንድ ነገር ግን በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። ሙቀቱ ከገባባችሁ በኋላ መልበስ ብዙም አይረዳም። ከቤት ከመውጣቴ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ገና ቀዝቀዝ እንዳልኩ እለብሰዋለሁ። ባለፈው ሰመር የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ያውም ሜዳ ላይ፣ እስክስታውን እስከ መጨረሻው የወረድኩት በዚህ ዘዴ ነው።

ጉድለቱስ? ይከብዳል፣ ከሁለት ኪሎ በላይ ነው፣ ማታ ትከሻዬን ያመኛል። ከነጠላ ሥር ሲታይ የጥይት መከላከያ ይመስላል፣ ሠርጉ ላይ አንዱ "ፖሊስ ተቀጠርሽ እንዴ?" ብሎኛል። ጎኑ ላይ ያለው ትርር የሚል ማጣበቂያ ደግሞ የነጠላ ጠላት ነው። ሁለት ነጠላ ክሩን መዞ አበላሽቶብኛል። አራተኛዋን ኮከብ ልከለክለው የነበረው ለዚህ ነው።

እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለብሰው ስታይ ደግሞ ጉድ ፈላ። ታክሲ ውስጥ መስኮት አስዘግታ የኖረች ሴት ናት፣ "ደረትሽ ላይ በረዶ! ብርድ ይገባሻል ልጄ!" ብላ ጋቢዋን ከላዩ ደረበችልኝ። 35 ዲግሪ ነበር።

ዋጋው ውድ ነው፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አሜሪካ ያላችሁ የአሜሪካ መልቲፕል ስክለሮሲስ ማኅበርን (MSAA) ጠይቁ፣ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው ማቀዝቀዣ ልብስ በነፃ ይሰጣል። እኔ ይሄን የሰማሁት በካርዴ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ደግሞ መድኃኒት እንዳይመስላችሁ። በሽታውን አይነካውም፣ ሙቀቱን ብቻ ነው የሚይዘው። ቀዝቅዛችሁም ድካሙ ወይ የዓይን መጋረዱ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ሰደርያውን ተዉትና ሐኪም ጋ ደውሉ፣ እሱ አዲስ መቆጣት ሊሆን ይችላል። ትኩሳትም ቢሆን እንደ ፀሐዩ ሙቀት ያደርጋል፣ ጉንፋን ሲይዘኝ እግሬ የሚጎተተው ለዚህ ነው።

ቀለሙ ጥቁር ብቻ ነው የሚመጣው። ለፀሐይ ልብስ ጥቁር የመረጠውን ሰው ባገኘው አንድ ጥያቄ ነበረኝ።