ሌሊቱን ሙሉ ወይስ በሁለት ቀን?

ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ወንዶ ገነት ኮረብቶች የሚያቀናውን ረጅም የተራራ ብስክሌት ጉዞ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፉ መንዳት ይሻላል ወይስ ያንኑ ርቀት ለሁለት ቀን ከፍሎ በብርሃን መጨረስ?

የሌሊቱ ጉዞ ትልቁ ፈተና ሰዓቱ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ጨለማው ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ የሰውነት ሙቀት ስለሚቀንስና ንቃት ስለሚዳከም፣ በቀን በቀላሉ የሚታለፍ ድንጋይ ያኔ ይጥላል። ባለፈው ክረምት ቁልቁለት ላይ መብራቴ ድንገት ሲጠፋ ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ የቆምኩት ከጎርፍ ቦይ አፋፍ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ነበር፤ ትርፍ ባትሪም አልያዝኩም። ምግቡም ቀላል አይደለም፤ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፣ እንቅልፍ የተጫነው ሰው ግን በሶ እንኳ አልወርድ ይለዋል።

በሁለት ቀን ሲሆን መንገዱ ይታያል፤ ጎማ ቢተነፍስም ጎሚስታ አይታጣም። የሚቀርብን ከኮረብታው ላይ ሆነን ሐይቁ በንጋት ብርሃን ሲገለጥ ማየት ነው፤ ይህንንም አቅልዬ አላየውም።

ሆኖም አጫጭር የሌሊት ጉዞዎችን ደጋግሞ ያልሞከረ፣ ሁለት መብራትና አብሮት የሚነዳ ጓደኛ የሌለው ሰው ለሌሊቱ ጉዞ እንዲመዘገብ አልመክርም። እኔም ዘንድሮ የምነዳው በሁለት ቀን ነው።