ዶት 4 የፍሬን ዘይት በአሮጌ ዲኤክስ፦ ከ9 ወር በኋላ

መኪናዋ በፈረንጅ 1986 የተሠራች ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ የፊት ፍሬኗ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ ፍሬን ቢደክምም ቶሎ አይታወቅም። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ጣና ዳር፣ ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍብህ አንዴ ረገጥ፤ በቃ። የእኔ ገመና የተጋለጠው ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አባይ በረሃ ላይ ነው።

ከደጀን ወደ ድልድዩ ቁልቁል ስወርድ በአራተኛ ማርሽ ሆኜ ፍሬኑን እየረገጥሁ ነበር፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። መንገድ ካጋመስሁ በኋላ ፔዳሉ ለሰለሰና ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ስረግጥ ተመለሰ፤ ማርሽ ቀንሼ ዳር ያዝሁ። ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ሠራ። ጋራዥም ስትወስዳት ቀዝቅዛ ስለምትደርስ «ምንም የላትም» ብለው ይሸኙሃል።

ነገሩ ስሙ ላይ ይጀምራል። «ዘይት» እንለዋለን እንጂ ዶት 3ም ሆነ ዶት 4 (የፍሬን ፈሳሽ ደረጃዎች ናቸው) ዘይት አይደለም፤ እርጥበት የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። በማጠራቀሚያው ክዳን በኩልም፣ በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳም ውኃ ቀስ እያለ ይገባዋል። በደረጃው መሠረት አዲስ ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ ሳይደርስ መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከጠጣ ግን ዝቅተኛው የመፍያ ልክ ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 230 እና 155 ነው። የፈላው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ሲረገጥ ይታመቃል፣ ጉልበትህም ጎማው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። የእኔው ፈሳሽ ደግሞ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነበር።

ግንቦት 2017፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሁለት ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ዶት 4 ገዛሁ። የማጠራቀሚያው ክዳን ዶት 3 ነው የሚለው፤ ዶት 4 ግን ዘሩ አንድ ስለሆነ ይተካዋል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አያስቆጭም። ተጠንቅቃችሁ የምትሸሹት ዶት 5ን ነው፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። (ዶት 5.1 ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩን ያወጣው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር እንጃ።)

አሮጌውን አስወጥቶ በአዲሱ የመተካቱን ሥራ ከልጄ ጋር ግቢያችን ውስጥ ሠራነው። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ጎማው ሥር። ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ፈሳሹን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ከሚርቀው ከቀኝ ኋላ ጀመርን፣ ከዚያ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። «ርገጥ!» «ረገጥሁ አባዬ!» «ያዝ!» የማስተንፈሻውን ቡሎን እፈታለሁ፣ ጥቁሩ ይወጣል፣ እዘጋለሁ፣ «ልቀቅ!» ቡሎኑ ሳይዘጋ ከለቀቀ አየር ወደ ውስጥ ይሳባልና እንደገና መጀመር ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ። በአሮጌ ማስተር ውስጥ ጎሚኒው (ፈሳሹን የሚያግደው ላስቲክ) ዘወትር የማይደርስበት ጫፍ ዝገት ይይዛል፤ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ከረገጣችሁት ጎሚኒው እዚያ ላይ ይቧጠጣል፣ ጤነኛ የነበረ ማስተር በዚያው ቀን ማፍሰስ ይጀምራል። ከሁለቱ ጠርሙስ የተረፈኝ ሁለት ጣት ያህል ነበር።

ውጤቱን በመጀመሪያው ቀን አወቅሁት፤ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ይይዛል፣ ጠጣር ነው። ከዚያ ወዲህ በረሃውን አንዴ ወርጃለሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፔዳሉም አልተለወጠም። ግማሹ ምስጋና የማርሹ መሆኑን አልክድም።

ነሐሴ ላይ ግን የማጠራቀሚያው መጠን ከታችኛው መስመር ወረደ። አንድ ጎረቤቴ «ጨምርበት እንጂ» አለኝ፣ መካኒኩ ደግሞ «ጋሼ፣ ዶት 4 ጎሚኒ ይበላል» አለ። ሁለቱንም አልሰማሁም። ይህ ፈሳሽ እንደ ቤንዚን አይነድም፤ ከጎደለ ወይ የፍሬን ሸራው (ዲስኩ ወይም ታምቡሩ ላይ የሚጫነው ክፍል) አልቆ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ ወይ አንድ ቦታ ይፈሳል። ሸራው ደህና ነበር። ጎማዎቹን በክሪክ እያነሳሁ ስፈትሽ የግራ ኋላው ጎማ በውስጥ በኩል ርሷል። ታምቡሩ ሲከፈት የትንሹ ሲሊንደር ጎሚኒ ተሰነጣጥቆ ተገኘ። ከመኪናዋ ጋር ያረጀ ጎሚኒ በሦስት ወር ዶት 4 ተበላ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ጎሚኒን በእርግጥ የሚያበላሸው እውነተኛ ዘይት ነው፤ በስሙ ተታሎ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ሁሉንም ጎሚኒ አሳብጦ ያስለውጣል። የሁለቱንም ኋላ ጎማ ጎሚኒ ቀየርሁ፣ የራሰውንም ሸራ ጣልሁት፤ ሸራ አንዴ ከጠጣ ታጥቦ አይድንም።

ስለ ፔዳል የተማርሁትን ልጨምር። ለስልሶ ስትደጋግመው ከፍ የሚል ከሆነ አየር ጠርጥሩ። ጸንቶ ይዞ፣ እግርህን ሳታነሳ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን፣ ውጭ የሚፈስ ካላገኛችሁ፣ ማስተሩ በውስጥ እያሳለፈ ነው፤ አዲስ ፈሳሽ አያድነውም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛው የቀለሙ ጉዳይ፦ ሲሞላ ጥቂት ጠብታ መከላከያው ላይ ፈሰሰ፣ በጨርቅ ጠርጌው ሄድሁ፣ በማግስቱ ቀለሙ ተልጦ አገኘሁት። ወዲያው በብዙ ውኃ ማጠብ ነበረብኝ። ሁለተኛው የተረፈው ነው። ያቺን ሁለት ጣት ከርማ ልትጨመር ነበር ያስቀመጥኋት፤ ተከፍታ ሐምሌና ነሐሴን በባሕር ዳር ያሳለፈች ጠርሙስ ግን ምን እንደጠጣች አይታወቅም። ኋላውን ስሠራ አዲስ ገዛሁ፣ እሷንም ለጋራዡ የአሮጌ ዘይት በርሜል ሰጠኋት።

ልጄ ብዕር የመሰለች፣ መብራት እያበራች እርጥበት የምትናገር መሞከሪያ አምጥቶልኝ ነበር። አረንጓዴ ነው የምታሳየው። አላምናትም፤ የምትነክረው ማጠራቀሚያው ውስጥ ነው፣ የሚግለው ፈሳሽ ደግሞ ታች ጎማው ጋ ነው ያለው። እኔ የምመራው በተቀየረበት ቀን ነው፦ ማጠራቀሚያው ላይ ፕላስተር ለጥፌ «ግንቦት 2019» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ የፈሳሹንም ከፍታ በእስክርቢቶ አስምሬያለሁ። ከነሐሴ ወዲህ ከመስመሩ አልወረደም።