ሲሞት የማያስቸግር ሃርድ ዲስክ

መሳቢያዬ ውስጥ የሞተ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለ። አልጣልኩትም። አዲስ ልግዛ ባልኩ ቁጥር አውጥቼ አየዋለሁ፤ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሁሉ ከማንበብ እሱን ማየት ይበልጥ ይጠቅመኛል።

ሥራዬ የድምፅ ኤዲቲንግ ነው። መጻሕፍት ሲተረኩ የተቀዳውን ጥሬ ድምፅ እቆራርጣለሁ፣ ሳሉንና ገጽ ሲገለጥ የሚሰማውን ኮሽታ አወጣለሁ። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ንባብ፣ በአንድ ቻናል ብቻ እንኳ፣ ግማሽ ጊጋ ያህል ይይዛል። መጽሐፍ ደግሞ በአንድና በሁለት ሰዓት አያልቅም፤ ድግግሞሹም አለ። ላፕቶፔ ሲሞላብኝ ያለቀውንም ያላለቀውንም ወደዚያ ዲስክ እያዛወርኩ፣ ከላፕቶፑ ላይ እያጠፋሁ፣ "ባክአፕ አለኝ" እል ነበር። የነበረኝ ያው አንድ ቅጂ ነው፣ ቦታ ቀይሮ።

ዲስኩ አልወደቀም፣ ውኃም አልነካውም። የተበላሸው የኬብሉ መሰኪያ ነው። መጀመሪያ ኬብሉን ትንሽ ወደ ግራ ስገፋው ይነሳል፣ ስለቀው ይጠፋል። ለሦስት ሳምንት ከኬብሉ ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት እየሸጎጥኩ ሠራሁበት። (አሁን ስጽፈው ራሴን እታዘባለሁ።) አንድ ጠዋት ወረቀቱም እምቢ አለ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ሞተሩ ሲዞር ይሰማኛል፤ ላፕቶፑ ግን አያየውም።

እኔ የገመትኩት ቀላል ነበር፦ ሽፋኑ ይከፈታል፣ ዲስኩ ይወጣል፣ ሌላ ኬዝ ውስጥ ይገባል። ጠጋኙ ልጅ ሽፋኑን በቀጭን ፕላስቲክ ፈልቅቆ ከፈተና ዝም አለ።

"እህቴ፣ ይሄ'ኮ ሳታ የለውም።"

"ማለት?"

"ሳታ ዲስኩ ኬዝ ላይ የሚሰካበት መሰኪያ ነው። የዚህ ዩኤስቢው የዲስኩ ቦርድ ላይ ነው የተበየደው። ሌላ ኬዝ ውስጥ አይገባም። ፓስወርድ አድርገሽበት ነበር?"

"ኧረ በጭራሽ።"

"ባታደርጊም ቺፑ ይቆልፈዋል።"

በአጉሊ መነጽር አሳየኝ። እኔ ስገፋውና ስጎትተው መሰኪያው ከቦርዱ ላይ የመዳብ መስመሮቹን ልጦ ተነስቷል። አንዳንድ ዲስኮች ባለቤቱ ፓስወርድ ቢያደርግም ባያደርግም የሚጻፈውን ሁሉ ቦርዱ ላይ ባለው ቺፕ እየመሰጠሩ ነው የሚያስቀምጡት። እንዲህ ከሆነ ፋይሉ የተጻፈባቸው የሚዞሩት ሳህኖች ደህና ቢሆኑም ያለዚያ ቦርድ የሚነበብ ነገር የለም። ዋስትና ነበረው፤ አሮጌውን መልሼ አዲስ መውሰድ እንደምችል ተነገረኝ። ዋስትና ማለት ለካ ለዕቃው ነው፤ ውስጡ ለነበረው ማንም ኃላፊ አይደለም። ሁለት ምዕራፍ እንደገና ተነበበ። አንባቢዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማንኛውም ዲስክ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ሲሞት ምን ያደርገኛል? መሞቱማ አይቀርም።

በዚህ ጥያቄ ሲታይ የብራንድ ክርክሩ በጣም ይቀንሳል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚያመርቱት ዛሬ ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፦ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ብርቱካናማ ጎማ የለበሰው ላሲ እንኳ ከ2012 ጀምሮ የሲጌት ነው። "ይሄኛው ብራንድ አይበላሽም" የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነግራችሁ የራሱን አንድ ዲስክ ታሪክ ነው። ባክብሌዝ የሚባለው የክላውድ ኩባንያ ከ2013 ጀምሮ የዲስኮቹን የብልሽት መጠን በየጊዜው ያወጣል፤ ጥሩ ንባብ ነው። ነገር ግን እነዚያ በአብዛኛው ባለ 3.5 ኢንች ዲስኮች ናቸው፣ መደርደሪያ ላይ ታስረው የሚኖሩ። ቦርሳ ውስጥ ከቻርጀርና ከቁልፍ ጋር ስለሚንገላታው ባለ 2.5 ኢንች ብዙም አይናገሩም።

አሁን የምጠቀምባቸው ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ባለ 2 ቴራ ቶሺባ ካንቪዮ ቤሲክስ ነው። ጥቁር፣ ድብዝዝ፣ የሚያኮራ ነገር የሌለው ዕቃ ነው፤ የወደድኩትም ለዚሁ ነው። የሚጫን ሶፍትዌር የለውም፣ "እንኳን ደህና መጡ" የሚል መስኮት አይከፍትም። ስትሰኩት ባዶ ፎልደር ይታያችኋል፣ በቃ። ዊንዶውስ 1.81 ቴራ ብሎ ያሳየዋል፤ ማንም አልሰረቃችሁም፣ አምራቹ በአንድ ሺህ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። ፎርማቱ (ፋይል የሚደራጅበት መንገድ) የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ስለሆነ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ሁለቱን አቀያይሮ የሚሠራ ሰው ሁለቱም የሚጽፉበትን ኤክስፋት ያደርገዋል፤ እኔ ግን ተውኩት። ኤክስፋት ጆርናል፣ ማለትም የተጀመረ ለውጥ የሚመዘገብበት ማስታወሻ፣ ስለሌለው ኬብሉ እየጻፈ ሳለ ቢነቀል የመበላሸት ዕድሉ ከፍ ይላል፣ እኔ ደግሞ ኬብል የምነቅል ሰው ነኝ።

ፍጥነቱ የሚሽከረከር ዲስክ ፍጥነት ነው። 400 ጊጋ ስገለብጥበት ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፈ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ብዙዎቹ የኪስ ዲስኮች ትራኮቹን (ፋይሉ የሚሰፍርባቸውን ክብ መስመሮች) እንደ ጣራ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ ደራርበው ነው የሚጽፉት። አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር ከላዩ ያረፈውን ማንሳት ግድ ነው። ስለዚህ ብዙ ትንንሽ ፋይል እየጠፋ እየተጻፈ ሲሄድ ዲስኩ ድንገት ይንቀራፈፋል፤ አዲስ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ለሳምንታዊ ባክአፕ ይህ ምንም አይደለም። በላዩ ላይ ኤዲት ለማድረግ ግን አይሆንም፤ እንዳትሞክሩት።

መሰኪያው ሰፊው ማይክሮ-ቢ ነው፤ እንደ ሟቹ። ከኬብሉ ጋር ቦርሳ ውስጥ አልከተውም፣ እየሠራም አላነሳውም። ማንበቢያው ከሚዞረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ከፍታ ነው፤ ከጠረጴዛ ጫፍ መውደቅ ይበቃዋል።

ሁለተኛውን ራሴ ገጠምኩት፤ ከሁለቱ የምኮራበትም እሱ ነው። ባለ 1 ቴራ ክሩሻል ኤምኤክስ500 የሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ) ለብቻው፣ ዩኤስቢ ያለው ባዶ ኬዝ ለብቻው ገዛሁ። አራት ብሎን፣ አምስት ደቂቃ። መሰኪያው ቢላቀቅ ኬዙን እጥላለሁ፣ ኤስኤስዲውን ሌላ ኬዝ ውስጥ አስገባለሁ። ኬዙ ላይ ቺፕ የደበቀው ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ስፈልግ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ እኔው እቆልፈዋለሁ፣ የመክፈቻውን ረጅም ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፌ ሌላ ቦታ አስቀምጫለሁ። ያው 400 ጊጋ 20 ደቂቃ ገደማ ወሰደበት።

"ሳምሰንግ ቲ7 አይሻልም ወይ?" የሚል አይጠፋም። ቲ7 በሰከንድ እስከ 1,050 ሜጋባይት ያነባል፣ ስፋቱ የባንክ ካርድ ያህል ነው፣ ቆንጆ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ፖርት ግን ባለ 5 ጊጋቢት ስለሆነ ያን ፍጥነት ከግማሽ በታች ነው የሚያየው። የተዘጋ ዕቃም ነው። አዲስ ላፕቶፕ ያለው፣ ቪዲዮ የሚሠራ፣ ብሎን መፍታት የሚሰለቸው ሰው ይግዛው፤ አይቆጭም።

ስለ ፖርት ካነሳሁ፦ ኤስኤስዲውን መጀመሪያ የሰካሁት በስህተት የዩኤስቢ 2.0 ፖርት ላይ ነበር። በሰከንድ 35 ሜጋባይት፤ 400 ጊጋው ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ዲስኩን ልመልሰው ካርቶኑን መፈለግ ጀምሬ ነበር። ዲስክ ከመስደባችሁ በፊት ፖርቱንና ኬብሉን ቀይሩ።

ሁለቱንም የመጡ ዕለት ፋይል አልጫንኩባቸውም። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ጢም አድርጎ ይሞላና የጻፈውን መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። ካንቪዮው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ይህን የማደርገው በተለይ "16 ቴራ ኤስኤስዲ" ተብለው በትንሽ ገንዘብ በሚሸጡት ምክንያት ነው፤ ሲከፈቱ ውስጣቸው ሙጫ የተቀባ ሚሞሪ ካርድ ተገኝቶባቸዋል። ለኮምፒውተሩ 16 ቴራ ነኝ ይላሉ፣ ትክክለኛው መጠናቸው ሲያልቅ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋሉ፤ ስም ዝርዝሩ ይታያል፣ ፋይሉ አይከፈትም። ከዚያ የዲስክን ጤና በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ፕሮግራም 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን መስመሮች አያለሁ፤ ዲስኩ ተበላሽተው የተተኩና ሊነበቡ ያስቸገሩ ቦታዎችን የሚቆጥረው እዚያ ነው። አዲስ ዲስክ ላይ ዜሮ ካልሆኑ ሳልከራከር እመልሳለሁ።

ኤስኤስዲው እኔ ጋ ይኖራል፤ ማታ ማታ ሰክቼ እገለብጥና እነቅለዋለሁ። ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሲመጣ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ይቆለፋል። ካንቪዮው እህቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ እሑድ እሑድ እናገናኘዋለን። ቦታቸውን አላቀያይራቸውም፦ ኤስኤስዲ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ዓመታት ቢቀመጥ የያዘውን ሊለቅ ይችላል፣ ለመሳቢያ የሚሆነው የሚሽከረከረው ነው።

በወር አንዴ ደግሞ ከሁለቱም ላይ እንዳጋጣሚ አንዳንድ ፋይል ከፍቼ አዳምጣለሁ። ባለፈው ወር እንዲህ ሳደርግ "ጥሬ" የሚለው ፎልደር የቅርብ ጊዜው ቅጂ ውስጥ የለም። ባክአፑን የሚገለብጥልኝ የዊንዶውሱ ፋይል ሂስትሪ የሚከታተለው ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና የመሳሰሉትን ነው፤ እኔ ፎልደሩን ቦታ ፍለጋ ወደ ዲ ድራይቭ አዛውሬው ኖሯል። ዲስኮቹ ምንም አላጠፉም። ፎልደሩን ዝርዝሩ ውስጥ አስገባሁና ካንቪዮውን ለማምጣት ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ፣ እሑድን ሳልጠብቅ።