ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ከጭስ ግን ሙሉ በሙሉ አይገላግልም

«ምርጥ» የሚባለውን ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ የእንጀራ ምድጃ ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ ማምረቻ ገዝተን በእናቴ ማድ ቤት ተክለናል። ሻጩ ስለ ማገዶ ቁጠባው በሚገባ ቢያስረዳንም ስለ ጭሱ አንድም ቃል አላነሣም፤ በእኔ እምነት ግን ምድጃ በቅድሚያ መመዘን ያለበት ለሳንባ በሚሰጠው ጥበቃ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት፣ የቤት ውስጥ አየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። እንጨትና ኩበት ሲነድ ከሚወጣው ጭስ ውስጥ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጡት ብናኞች እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ዘልቀው በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚሄድ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያስከትላሉ። ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ እናት በዚህ ትታመማለች። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ቤቷን የምታስተዳድር ከሆነች ትንፋሽ ሲያጥራት ገቢው ይቋረጣል፤ ሴት ልጇም ትምህርቷን ትታ በእሷ ቦታ ምጣዱ ሥር ትቀመጣለች። ሳሉ መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሲበረታ ደግሞ ጎረቤት የሳንባ ነቀርሳ ነው እንዳይል ይደበቃል፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ይኖርበታል።

ምድጃው እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከብበው እንደ ጉልቻ ነበልባሉ ፊት አይለበልብም፤ ማገዶውም በግልጽ ቀንሷል። ሆኖም ክፍሎቹ የሚጋጠሙበትና ምጣዱ የሚያርፍበት ጠርዝ በጭቃ በደንብ ካልተመረገ ጭሱ በየስንጥቁ ይወጣል። እኛ የገዛነው የጭስ ማውጫ ስለሌለው፣ ጭሱ ከኋላ ድስት በሚጣድበት በኩል ወጥቶ እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ይቀራል። በተለይ በክረምት ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሲማገድ የእናቴ ዓይን ያነባል፤ ሳሉም ይነሣባታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭስ የለውም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ብቻውን አያስተማምንም።

ስለዚህ ምድጃውን ከጉልቻ አስበልጬ እመክራለሁ፤ የጭስ ማውጫ ያለው ከተገኘ ግን ዋጋው ቢጨምርም እሱ ይገዛ። ካልተገኘ የማድ ቤቱ ግድግዳ ከላይ በኩል ይከፈት፣ እንጨቱ ተፈልጦና ደርቆ ይማገድ፣ ሕፃን ያዘለች ሴትም አትጋግር።